ለሁለት የተከፈለው ዲፈረንሻል

ይህ ነገር የደረሰብኝ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ አሰበ ተፈሪ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ስሠራ ነው። ብዙ ዘመን አልፎታል። እኔ ግን ታደሰ የሚባለውን ሜካኒክ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምነዳው አሮጌ ላንድሮቨር ነበር። ቦኬ ወደሚባለው የገጠር ወረዳ ምርጥ ዘርና ሠራተኞች አመላልሳለሁ። መንገዱ ድንጋያማ ስለሆነ የመኪናው ሆድ እየተጋጨ ሲያስቸግር፣ ኃላፊያችን ትልልቅ ጎማ እንዲገጠምለት አደረገ። መጋጨቱ ቀረ፤ ዳገት ላይ ግን መኪናው አቅም አጣ። በሦስተኛ ማርሽ የምወጣውን አቀበት በአንደኛ እያቃሰተ መውጣት ጀመረ።

መፍትሔው በሙያው ውስጥ ላለ ሰው አዲስ አይደለም። የሞተሩን ጉልበት ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ጥርሶች ይቀየሩና ሞተሩ ብዙ ዞሮ ጎማው በዝግታ እንዲዞር ይደረጋል። ፍጥነት ይቀንሳል፣ ጉልበት ይጨምራል። ከጥርሶቹ ዓይነት የትኛው ይሻላል በሚለው ግን ከታደሰ ጋር ተጣላን። እኔ ለቦኬ ዳገት ከሁሉም ጉልበት የሚሰጠው ይሁን አልኩ። እሱ በዋናው መንገድ ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ ነዳጅም ይፈጃል ብሎ መካከለኛውን መረጠ። ኃላፊው በእሱ ሐሳብ ተስማማ። በስብሰባ ላይ በዚህ መኪና ሰው ጭኜ ቦኬ አልሄድም ብዬ መናገሬንም አልክድም።

ከአዲስ አበባ ለፊትና ለኋላ የሚሆን ጥንድ ዕቃ መጣ። ሁለቱ የግድ አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። አራቱም ጎማ ሲጎትት የፊቱና የኋላው በተለያየ ፍጥነት ልሂድ ካሉ፣ ደረቅ መሬት ላይ አንድ ነገር ይሰበራል። ዕቃውን የተረከበው ታደሰ ነው። ሠርቶ ሲያስረክበኝ የፊቱንም የኋላውንም ቀይሬዋለሁ አለኝ። መሪው ትንሽ ከበደኝና ተመልሼ ጠየቅሁት።

«አንተ መሪህን ያዝ። መፍቻው የኔ ነው» አለኝ።

ከቦኬ ስንመለስ ነው የሆነው። ጽጌ የምትባል የእርሻ ባለሙያችን ከኋላ ከተረፈው የዘር ጆንያ ጋር ተቀምጣለች። ዳገቱ ሲከብደኝ በአራቱም ጎማ እንዲጎትት አደረግሁ። ጥቂት እንደሄድን ከሥር አንድ ነገር እንደ ጥይት ጮኸ። ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ጠፋ፤ ፍሬኑም ጭነቱን መያዝ አቃተውና ወደ ኋላ ተንሸራተትን። ገደሉ በግራ ስለነበር መሪውን ወደ ተራራው አዞርኩ። መኪናው ከቋጥኙ ጋር ተላትሞ ቆመ። ወደ ኋላ ሮጬ ስደርስ የጽጌ እግር በጆንያውና በብረቱ መካከል ተሰብሮ ነበር።

በሚያልፍ መኪና ሆስፒታል አድርሻት ስወጣ ፖሊስ ጠበቀኝ። ለካ ታደሰ ቀድሞኝ ኃላፊው ዘንድ ገብቷል። አልሄድም ያለ ሰው መኪናውን ሆነ ብሎ ሰበረው ብሎ ነገረው። ነገሩ አሻጥር ተባለና ታሰርኩ። በዚያ ዘመን ይህች ቃል ምን ታመጣ እንደነበር የደረሰችበት ያውቃል። ሚስቴ ስንቅ ስታቀብለኝ ዓይኔን ማየት ፈራች። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች በጣቢያው በር እያለፉ ወደ እኔ አይዞሩም ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጣቢያው አሥር አለቃ ቃሌን እንደገና ሲቀበል፣ አንድ ሰው ጠባቂውን ገፍትሮ ገባ። አብዶ የሚባል የሂርና ጫት ነጋዴ ነው። በመልክም አላውቀውም። እሱ ግን ጣቱን ዓይኔ ላይ ቀስሮ «ሐቱ!» አለኝ፤ በኦሮምኛ ሌባ ማለቱ ነው። የራሱ መኪና ሂርና ዳገት ላይ እንደተሰበረ፣ ሙሉ ጭነት ጫት ጠውልጎ እንደተጣለ እየጮኸ ተናገረ። ከዚያ፣

«ወላሂ አልለቅህም። ግማሹን ሸጥክልኝ፤ ግማሹን የት አደረግኸው?» አለ።

ስለ ምን እንደሚያወራ ገና አልገባኝም ነበር። መኪናህ ምንድን ነው አልኩት። ላንድሮቨር ነው፣ ትልልቅ ጎማ ያለው፣ አለኝ። ያን ጊዜ የእኛ ዕቃ ትዝ አለኝ።

«ዕቃውን ከማን እጅ ተቀበልክ?» አልኩት።

«ከሜካኒኩ ከታደሰ። የሹፌሩ ንብረት ነው፣ እኔ መግጠም ብቻ ነው ያለኝ እሱ ነው። ተሰበረብኝ ስለው ደግሞ ሹፌሩን ጠይቅ፣ ጣቢያ ታስሯል አለኝ።»

አሥር አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «እስቲ ድገመው» አለው።

አብዶ ያን ጊዜ ወደ በሩ አፈገፈገ። ምን እንደተናገረ ገባው። የገዛው የመንግሥት ንብረት ነበር።

በማግስቱ የሁለቱም መኪናዎች ዲፈረንሻል በኃላፊው ፊት ተከፈተ። የእኛ የኋላው አዲስ፣ የፊቱ አሮጌው ነው። የአብዶም አንዱ አዲስ፣ አንዱ አሮጌ ነው። ታደሰ አንዱን ጥንድ ለሁለት ከፍሎ፣ የሚሆነውን እያወቀ ሁለታችንንም ዳገት ላይ ሰድዶናል። እኔ ተለቀቅሁ። አብዶ በእኔ ቦታ ገባ። በሩ ላይ ስንተላለፍ ላመሰግነው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ላንተ ብዬ አልመጣሁም፣ ዓይንህን አያሳየኝ ብሎኝ አለፈ። እስኪሞት ድረስ ሰላም አላለኝም፤ እኔ ያሳሰርኩት ይመስለው ነበር።

ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። ኃላፊው መኪናው ሲሠራ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረልኝና ሥራህን ቀጥል አለኝ። ታደሰ ጥቂት ታስሮ፣ ዘመድ ገብቶለት ሌላ ከተማ ጋራዥ ተዛወረ። ጽጌ አንድ እግሯ አጥሮ ቀረ፤ የገጠሩን ሥራ ተወችው።

አሁን እኔም ታደሰም ጡረተኞች ነን። እሱ ወደ ጭሮ፣ ማለትም ወደ ያኔዋ አሰበ ተፈሪ፣ ተመልሶ ይኖራል። ባለፈው ዓመት ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠና እጁን ዘረጋልኝ። እጄን አልሰጠሁትም።

«ያለፈ ነገር ነው እኮ» አለኝ።

«ላንተ አልፎ ይሆናል» አልኩትና ተነሥቼ ሌላ ወንበር ፈለግሁ።

ሚስቴ እስከ ዛሬ በዚህ ትወቅሰኛለች፤ በዚህ ዕድሜህ ቂም ይዘህ ልትሞት ነው ወይ ትለኛለች። ምናልባት ልክ ናት። ያን ቀን ግን ለቅሶ ቤቱን ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር፤ አሁንም አይቆጨኝም።