ሰብሊ እና የደረጃው ሹክሹክታ

ሰብሊ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ጆሮዋን በሩ ላይ ትለጥፋለች። ደረጃው ላይ ኮቴ ከሰማች እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ድሮ በየሰፈሩ በር ክፍት ነበር፤ የቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ግን መደበቅ ለሚፈልግ ሰው ይመቻል። መጋረጃ ትሰፋለች፤ ደንበኛው በስልክ ያዛታል፤ ሰው ሳታይ ሳምንቱ ያልቃል። ጎረቤቱ ኩራት ይመስለዋል። እሷ ግን ሰላም ልትል ስትል ምላሷ ይተሳሰራል። ታፍራለች፤ ሃፍረቱም ቤት ስትገባ ንዴት ይሆንባታል።

ልጅ ሆናም እንዲሁ ነበረች። ሱቅ ስትላክ ታላቅ ወንድሟ እሸቴ አብሯት ሄዶ ይናገርላት ነበር። ዛሬም ከደብረ ብርሃን በየእሁዱ የሚደውልላት እሱ ነው። ያን እሁድ ግን አልደወለም። ብትሞክር ስልኩ ዝግ ነው። እሱንም አሰለቸሁት አለች በሆዷ።

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቷ ወይዘሮ አልማዝ ከእድሩ ሰብሳቢ ከአቶ ኤርሳዶ ጋር ደረጃው ላይ ሹክ ሲባባሉ አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ዝም አሉ። ይባስ ብሎ ወይዘሮ አልማዝ ጀሪካኗን ተቀብለው እስከ በሯ አደረሱላት። ምሳ በልታ እንደሆነም ጠየቋት። ደግነቱ አልጣማትም። ምን ፈልገው ነው?

ስታወጣ ስታወርድ ደረሰችበት። ባለፈው ወር ለቅሶ ልትደርስ ሄዳ፣ ድንኳኑ ውስጥ የተደረደረውን ዓይን ስታይ እግሯ ከድቷት ከደጃፉ ተመልሳለች። ያዩዋት ሰዎች አሉ ማለት ነው። ከእድሩ ሊሰርዟት ነው። እሷ ስትሞት ማን ይቀብራታል?

ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ። ጆሮዋን ለጠፈች። የብዙ ሰው ትንፋሽ ነው።

“ከእድሩ ልታስወጡኝ ከሆነ እዚያው ሆናችሁ ንገሩኝ” አለች።



“ክፈቺ ልጄ” አሉ አቶ ኤርሳዶ። “በር ተዘግቶ የሚነገር አይደለም።”

ገርበብ አደረገችው። የሴቶቹ ነጠላ ተዘቅዝቋል። ወይዘሮ አልማዝ ገብተው ትከሻዋን ያዙ። እሸቴ ታሞ ሆስፒታል ገብቶ ነበር አሏት፤ እሁድ ማታ አረፈ። ዘመዶቹ ለእድሩ ደውለው፣ ብቻዋን እንዳትሰማ፣ በሰው መሃል አርዱልን ብለው ነው።

“ትናንት የምታወሩት ይሄን ነበር?”

“ይሄንኑ ነው የኔ ልጅ።”

መጀመሪያ የመጣላት ሐዘን አልነበረም፤ እፎይታ ነበር። ሰዎቹ ሲያሟት አልነበረም። ወዲያው በዚያ እፎይታዋ ክፉኛ አፈረች፤ ጩኸቷ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዉ ለወንድሟ ብቻ የምታለቅስ መሰለው።

እድሩ የያዘው ሚኒባስ ታች ቆሞ ነበር። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ግቢው በሰው ጢም ብሏል፤ ዓይን ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እግሯ እንደ ለመደው ከዳት። በሩ ላይ የቆሙ ሽማግሌ ማን እንደሆነች ጠየቋት፤ ምላሷ ተሳሰረ።

ወይዘሮ አልማዝ ክንዷን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

“እህቱ ናት” አሉ። “አሳልፉን።”