ብሳናዎቹን የቆረጥን ጊዜ

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ጓሮው ወንዝ ነው። ልጅ ሳለሁ በቤቱና በወንዙ መካከል አራት ትልልቅ ብሳናዎች ነበሩ። ወንድሜ ሊያገባ ሲል አባቴ የሙሽሮች ክፍል እዚያ ልሥራ ብለው አስቆረጧቸው። ዛፎቹን ለመጣል ገመድ ከሳቡት አንዷ እኔ ነበርኩ። ከማዶ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ "ልጄ፣ አፈሩን የያዘው እኮ ሥሩ ነው" አሉኝ።

አባቴ ሰምተው፣ "ድንጋይ እንክብበታለን" አሉ።

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ቤቱ ብርሃን አገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረቤቶቻችንም እኛን እያዩ የየራሳቸውን ቆረጡ። ከዚያ በኋላ ዳርቻው በየክረምቱ ይናድ ጀመር። የክፍሉ ግድግዳ ሲሰነጠቅ ወንድሜ ሚስቱን ይዞ ለቀቀ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአባቴ ጋር ብቻችንን ነበርን። ዝናቡ ላይኛው አገር ጥሎ ኖሯል፤ እኛ ዘንድ ገና ካፊያ ነበር። በድንገት የጓሮው ክፍል ሲደረመስ ሰማን። ወዲያው ጭቃ ውሃ በበሩ ሥር ገባ። ቤቱ ያለው አንድ በር ነው፤ እሱም በጓሮ በኩል። ብገፋው ፍርስራሹ ከውጭ ይዞታል። በመንገድ በኩል ያለው መስኮት ደግሞ ሌባ ፈርተን ያስገጠምነው ብረት አለው።

አባቴን ጠረጴዛ ላይ አወጣኋቸው። ውሃው ጉልበቴን አልፏል።

"አባባ፣ እንዳይንቀሳቀሱ።"

"የት እሄዳለሁ?" አሉ። ቀጥለውም፣ "እዚህ ውስጥ የከተትኩሽ እኔ ነኝ" አሉኝ። የመስኮቱን ብረት ይዤ ወደ መንገዱ መጮህ ጀመርኩ።

የጋራዥ ሠራተኞች ሰምተው መጡና ብረቱን ቆርጠው አወጡን። አባቴ ተሸክሟቸው የወጣውን ሰው አንገት አለቅም ብለው ነበር።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ችግኝ ተከልን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወንዙ ከነአፈሩ ወሰደው። ቤቱን ሊገዛ የመጣ ሁሉ ጓሮውን አይቶ ይመለሳል፤ እኛም ሌላ መሄጃ የለንም። አባቴ ሰማዩ ሲጠቁር ጫማቸውን አጥልቀው፣ መድኃኒታቸውን በፌስታል ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። እስኪያባራ ከዚያ አይነሱም። ከቢሮ ስደውል አስቀድሜ የምጠይቃቸው ስለ ደመናው ነው። "በላይ በኩል ከብዷል" ካሉኝ አስፈቅጄ እወጣለሁ።