በአንድ ሳል የተጣላን ሰዎች

ከሚሴና በዙሪያዋ ባለው አገር የዱሮ የአውሮፓ ኦርኬስትራ ቅጂ የምንሰበስበው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሌላው ጨፋ ሮቢት የሚሠራ የከብት ሐኪም ነው። ሁለት ብቻ ሆነን መኳረፍ አይገባንም ነበር። ግን ተኳረፍን፤ ያውም ሁለት ወር ሙሉ፣ በአንድ ሰው ሳል።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እነዚህ ሙዚቃዎች መጀመሪያ የተቀዱት በሸክላ ነው። ሸክላው ሲዞር እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። በየጥቂት ዓመቱ አንድ የድምፅ ባለሙያ ያንን አሮጌ ሸክላ ያነሣና ንጣጣውን አጽድቶ፣ ድምፁን አጥርቶ በአዲስ ሲዲ ያወጣዋል። እኛም ያንኑ ሙዚቃ እንደገና እንገዛለን። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ባለሙያ ይነሣና የፊተኛው በደንብ አላጸዳውም ብሎ እንደ አዲስ ያጸዳዋል።

አንድ ቀን የአንድ ሙዚቃ አራተኛ ቅጂ ስከፍት ባለቤቴ ሽፋኑን አየችው።

“ይኼ ያው ያለፈው አይደለም?”

“ያው ነው። ታጥቧል።”

“ያለፈውም ታጥቧል ብለኸኝ ነበር።”

“ያኛው ሲታጠብ ከእድፉ ጋር ቀለሙም ትንሽ ለቆ ነበር።”

ቀለም የለቀቀ ልብስ ምን እንደሆነ ስለምታውቅ ሽፋኑን መልሳ ሰጠችኝ።

ከከብት ሐኪሙ ጋር የተዋወቅነው የአማቴ ላም ታማ ነው። ላሟን ይዤ ስደርስ ሌላ ላም እያከመ ነበር፤ እስከ ትከሻው ጓንት አጥልቆ እጁ ሙሉ በሙሉ ላሟ ውስጥ ነው። መስኮቱ ላይ ያስቀመጠው ስልክ ቫዮሊን ያሰማል። ሙዚቃውን ወዲያው ለየሁት፤ ያ አራት ጊዜ የገዛሁት ነው። ሰላምታም ሳልሰጥ፣ “የትኛው ቅጂ ነው?” አልኩት።

“ሁለተኛው” አለኝ፣ እጁን ሳያወጣ። “ሦስተኛው ወፍራሙን ድምፅ አብዝቶታል።”

ላሟ መሀላችን እንደቆመች ወዳጆች ሆንን። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ከቀትር በኋላ በሞተር ሳይክሉ ወደ ከሚሴ ይመጣል። ውጭ አገር የምትኖር እህቱ በመንገደኛ የምትልካቸውን ሲዲዎች ይዞ ይመጣና እኔ ቤት ሳሎን ቁጭ ብለን እናዳምጣለን። ጩኸቱ እንዳይረብሸን ቬንትሌተሩን እናጠፋለን። የከሚሴን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ሙዚቃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ የተቀዳ ነው። ዝግ ብሎ በሚሄደው የሙዚቃው ክፍል ላይ ኦርኬስትራው ሁሉ ጸጥ ይልና ቫዮሊኑ ብቻውን ወደ ላይ ይወጣል፤ ይወጣል፤ እዚያ ላይ አንዲት ቀጭን ድምፅ ይዞ ይቆማል። ያን ጊዜ ከአዳራሹ አንድ ሰው ያስላል። “እህ። እህህ።” ይኸው ነው።

ይህን ሳል መጀመሪያ የሰማሁት ኮሌጅ ሳለሁ በካሴት ነው። አዳራሹን አላውቀውም፤ ቫዮሊኑም ለምን እንዲያ እንደሚያለቅስ አልገባኝም ነበር። ሳሉን ግን አወቅሁት። አባቴ ቅዳሴ መሀል አፉን በነጠላው ይዞ ሊያፍነው ሲታገል የሚያመልጠው ሳል ነው። ሙዚቃውን የወደድኩት በዚያ በኩል ገብቼ ነው።

ሐኪሙ ለሳል ፍቅር የለውም። ሳምንቱን ሙሉ በሬ ያስልበታል፣ ፍየል ያስልበታል፣ የፍየሉ ባለቤትም አብሮ ያስልበታል። ያቺ ቦታ በደረሰች ቁጥር ፊቱን አጨፍግጎ፣ “ይሄ ሰውዬ ሳንባው ላይ ነገር አለ፤ ብርድ አይደለም” ይላል።

አምስተኛው ቅጂ የመጣ ቅዳሜ ቬንትሌተሩን አጥፍተን ተቀመጥን። ንጣጣ የሚባል የለም። ቫዮሊኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ። ጠበቅሁ። ኦርኬስትራው ተመልሶ ገባ። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አሰማሁት፤ ሦስት ጊዜ።

“ሳሉ የለም” አልኩ።

“አልሐምዱሊላህ፣ ዳነ” አለ ሐኪሙ።

እየቀለደ ነበር፤ አሁን ሳስበው ጥሩ ቀልድ ነው። ያን ቀን ግን ደሜ ፈላ።

“ቆርጠው ነው ያወጡት። ሰውየውን ከገባበት አዳራሽ አስወጥተውታል።”

“መምህር፣ እኛ የተቀመጥነው ሙዚቃ ልንሰማ ነው ወይስ በሽተኛ ልንጠይቅ?”

“አንተ የከብት ሐኪም ነህ። የሰው ሳል ምን ያገባሃል?”

ይህን እንዳልኩ ስህተቴ ገባኝ፤ ግን ከአፌ ወጥቷል። ሐኪሙ ተነሣ፤ የሞተር ሳይክል ሄልሜቱን እዚያው ሳሎኑ መሀል አጠለቀ፤ ከሄልሜቱ ውስጥ ሆኖ ረዘም ያለ ነገር ተናገረኝና ወጣ። አንዱም ቃል አልተሰማኝም።

ከሄደ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ ሳሉ ጥርት ብሎ የሚሰማበት አራተኛው ቅጂ እሱ ጋ ነው፤ አውሼዋለሁ። በሌሎቹ ሳሉ በንጣጣው ተውጧል። በማግስቱ ደወልኩለት።

“አባቴ ማሽላ ላይ ሰቅለውታል” አለኝ።

ጨፋ ላይ ማሽላ ሲያሸት ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። ሰው ወፍ ለማባረር የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ይሰቅላል። አባቱ ሲዲውን ከልጃቸው ቦርሳ አግኝተው በክር አንጠልጥለውታል።

“አውርደዋ።”

“እስኪታጨድ አባቴ አያወርዱም። ወፎቹ ፈርተውታል።”

ስልኩን ዘጋሁበት።

ባለቤቴ ለጎረቤት እውነቱን ነው የተናገረችው፤ “በሳል ተጣሉ” ነው ያለችው። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን የሆኑ አሮጊት ዝንጅብልና ማር ይዘው መጡ።

“ማነው የሚያስለው?” አሉኝ።

“እኛ ቤት ማንም አያስልም፣ እማማ።”

“ታዲያ ማነው?”

“አንድ ፈረንጅ ነው። ያሳለውም ከሰማንያ ዓመት በፊት ነው።”

“አሁንስ ተሻለው?”

“አሁንማ ሞቷል መቼም።”

“ኢና ሊላሂ” አሉና ቁጭ አሉ። “ብዙ ዘመን ታውቀው ነበር?”

“ሃያ ዓመት” አልኩ፤ እውነቴን ነው።

“ሃያ ዓመት ቀላል አይደለም። አብሽር፣ ልጄ።”

ከእሳቸው በኋላ ሌሎች ሦስት ጎረቤቶች መጡ። ትምህርት ቤት፣ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ሁለት ባልደረቦቼ እጄን ጨብጠው “እግዜር ያጽናህ” አሉኝ። ማስረዳት ጀምሬ ተውኩት። እንዲያውም፣ መናገር ካለብኝ፣ ትንሽ ተጽናናሁ።

ጨፋ ሮቢት ግን ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። የከብት ሐኪሙ ከመምህር ጋር በሳል ተጣላ ሲባል፣ ሰው የሳል በሽታ ከብቱ ላይ ገብቷል ብሎ ተረዳው። ሐኪሙ “ምንም በሽታ የለም” ሲል ደግሞ ደብቆ ነው ተባለ። በገበያ ቀን ፍየል የሚገዛ ጠፋ። ገበሬዎቹ ያመጧቸውን ፍየሎች መልሰው ወደ ቤት ነዷቸው። ይህ ሲሆን ነው ነገሩ አባጋሮቹ ዘንድ የደረሰው። አባጋር የምንላቸው በአገሩ የተጣላ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ደም እንኳ ያደርቃሉ።

ጠሩን። የተሰበሰብነው በሐኪሙ አባት ማሳ ዳር፣ አንድ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። በኦሮምኛ “አካም ጅርታ?” “ናጋ” ተባባልን፤ ዱዓ ተደረገ። ከዚያ በየተራ ቃላችንን ሰጠን። ሐኪሙና እኔ አልተያየንም። ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው፣ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ ተክለው ካዳመጡ በኋላ፣ “ሳሉን ሳንሰማ አንፈርድም” አሉ።

ሲዲው ከማሽላው ይውረድ ተባለ። የሐኪሙ አባት ቅር እያላቸው ሄደው ፈቱት፤ በምትኩ እዚያው የቆመ የጭነት አይሱዙ ሾፌር የተሰበረ የጎን መስታወቱን ሰጣቸውና እሱ ተሰቀለ። ሲዲው ላይ ብዙ የወፍ ኩስ ነበር። ወፎቹ የተባለውን ያህል አልፈሩትም።

ማጫወቻ ያለው አይሱዙው ላይ ብቻ ነው። የበቆሎ ጆንያ ጭኖ ወደ ባቲ ገበያ ሊነሣ ነበር። ማጫወቻው ደግሞ ሞተሩ ካልተነሣ አይሠራም። ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተጣብበው ተቀመጡ። እኔ በአንዱ በር መረገጫ ላይ ቆሜ፣ ሐኪሙ በሌላው፣ ራሳችንን በመስኮት አስገባን። አንጋፋው ሲዲውን በኩታቸው ጫፍ ወልውለው ሰጡ። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዘለለ፤ ከዚያ ተስተካከለ። ሞተሩ እያጉረመረመ ቫዮሊኑ ወጣ፣ ወጣ፣ ቆመ።

“እህ። እህህ።”

“ይኸው ነው?” አሉ አንጋፋው።

“ይኸው ነው።”

“ድገመው።”

ሾፌሩ ደገመው። አንደኛው ሽማግሌ፣ “ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ነው” አሉ። ሌላኛው፣ “የለም፣ አቧራ ነው” አሉ። ሐኪሙ በመስኮቱ፣ “ሳንባው ነው፣ አባባ” አላቸው። ከሁለት ወር በኋላ ይህን ሲል ስሰማው እንደናፈቀኝ ገባኝ።

አንጋፋው ወደ እኔ ዞሩ። “መምህር፣ ይህ ሰው ሳሌ ይቆይልኝ ብሎ ወክሎሃል?”

“አልወከለኝም።”

“አንተስ ዶክተር፣ ሳሌን አውጡልኝ ብሎ ልኮሃል?”

“ኧረ ወላሂ አልላከኝም።”

“እንግዲያው ባለጉዳዩ የለም። ባለጉዳይ በሌለበት ተጣልታችሁ የፍየል ገበያ ዘግታችኋል። መምህር፣ የሰው ሙያ አቃለሃል። ዶክተር፣ አንተ የሰው አደራ ለወፍ ሰጥተሃል። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው። በሉ አውፍ ተባባሉ፤ ይቅር ተባባሉ።”

ከመረገጫው ወረድን። እኔ በመኪናው ፊት ዞርኩ፤ እሱ በኋላ ዞረ፤ ቦታ ተለዋወጥንና እንደገና ተፈላለግን። ጎማው አጠገብ ስንገናኝ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን። “አውፍ በለኝ” አልኩት። “አውፍ ብያለሁ። አንተም በለኝ” አለኝ።

ሾፌሩ መሽቶበት ነበርና ጥሩምባ ነፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ወረዱ። አንጋፋው አልወረዱም።

“አባባ፣ ልሄድ ነው” አለ ሾፌሩ።

“አላለቀም እኮ።”

“ምኑ?”

“ይቺ ብቻዋን የምትጮኸዋ። የት እንደምትደርስ ሳላውቅ አልወርድም።”

“ባቲ ነው የምሄደው፣ አባባ።”

“ባቲ ዘመድ አለኝ። ንዳው።”

አይሱዙው ሽማግሌውንም ቫዮሊኑንም ጭኖ ሄደ። ሐኪሙና እኔ አቧራው እስኪበርድ ቆመን አየነው። በማግስቱ ሐኪሙ ገበያ መሀል ቆሞ፣ ሳሉ የሟች ፈረንጅ ሳል መሆኑን በአማርኛም በኦሮምኛም ተናገረ፤ ፍየሎቹም ተሸጡ።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። “አለቀ?” አልናቸው። “ከሚሴ ሳንገባ አለቀ። ድገመው አልኩት። ባቲ እስክንደርስ አራት ጊዜ ሰማነው” አሉ። ሲዲውን ግን አላመጡትም፤ ሾፌሩ ለምዶታል፤ አልሰጥም ብሏል። ሳሉ አሁን ከጨፋ ባቲ ይመላለሳል። እንደማዝን ጠብቄ ነበር፤ አላዘንኩም።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሦስት ሆንን። አንጋፋው በሐኪሙ ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጠው ይመጣሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን አምስተኛውን፣ ንጹሑን ቅጂ አሰማናቸው። ቬንትሌተሩ ጠፍቷል፤ ቫዮሊኑ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። ሽማግሌው ግን ተቁነጠነጡ።

“ይኼ እንደዚያኛው አይደለም” አሉ።

“ሳሉን ነው፣ አባባ?” አልኳቸው፤ ተስፋ አድርጌ።

“ሳሉን ተወው። ያኛው ከሥሩ የሚያጉረመርም ነገር ነበረው። ይቺን ልጅ ደግፎ የሚይዛት እሱ ነበር። አሁን ብቻዋን ቀረች።”

ሐኪሙና እኔ ተያየን። የአይሱዙው ሞተር ነው። እኔ ላስረዳ አፌን ስከፍት ሐኪሙ ተነሥቶ ወጣ። ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር አቆመና አስነሣው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ኋላ ተደገፉ።

“ሀዬ፣ አሁን ሆነ” አሉ ቀስ ብለው።

እኔም የቫዮሊኑን ድምፅ ትንሽ ከፍ አደረግሁት።