የጋጋሪው አፍንጫ ፎቶ የተነሳ ቀን

«‹ሰዓት ለሰነፍ ነው፤ ዳቦ ሲበስል ራሱ ይነግረኛል› ይለኛል እኮ።» ሚስትየው አገጯን ወደ ላይ ቀስራ፣ ሆዷን ወደ ፊት ገፍታ፣ ድምጿን አወፈረች። ቁርጥ ባሏን ሆነች። «‹እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዓት ዞር ብዬ አላየሁም።› እሺ፣ ዛሬ ታዲያ ምን ነገረህ? ይኸው አርባ ዳቦ ከሰል ሆኖ ወጣ። መስኮቱ ጋ የተሰለፈውን ሰው ምን ልበለው? ከሰል በችርቻሮ ጀምረናል ልበል?»

«ምድጃው ነው» አለ ባልየው።

«ምድጃው።»

«ዱቄቱም የድሮው ዱቄት አይደለም።»

«አዎ፣ ውሃውም ተንኮለኛ ሆኗል። ካንተ አፍንጫ በቀር ሁሉም ጥፋተኛ ነው።»

ሰፈሩ ይህን ሰውዬ ባለ አፍንጫው ነው የሚለው። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሚስቱ በመስኮት ትሸጣለች፣ እሱ ይጋግራል። አጋገሩ ደግሞ ጉድ ነው። ዳቦውን ምድጃ ከከተተ በኋላ ወጥቶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ካገኘው ሰው ጋር ወሬውን ይጠርቃል። ከዚያ መሃል ላይ፣ ቃሉን እንኳ ሳይጨርስ፣ አፍንጫውን ቀና ያደርግና «አውጡ» ይላል። ሠራተኞቹ ረጅሙን የእንጨት አካፋ ሰደው ሲያወጡት ዳቦው ቀልቶ፣ ጀርባው ሲነካ ከበሮ ይመስላል። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም ነበር።

ነበር ያልኩት ወድጄ አይደለም። ከአራት ወር ወዲህ አፍንጫው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ። ከዓይኑ ሥር ድንጋይ እንደተጫነበት ሁሉ ይከብደዋል፤ ሽታ የሚባል ነገር ድራሹ ጠፋ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ ወሬ የማታበዛ ሴትዮ፣ አንድ ቀን መጥታ ምድጃው ፊት ለፊት ትልቅ የግድግዳ ሰዓት ሰቀለች። «ሦስት ወር እጠብቅሃለሁ» አለችው። «ካልተሻለህ ምድጃውን ሰዓት ማየት ለሚችል ሰው እሰጣለሁ፤ አንተ ዱቄት ትነፋለህ።» ባለ አፍንጫው ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰዓቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚሠራው። እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች።

እንዲያ ሆኖ ነው ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ጋ የወሰደችው። ሐኪሙ በጨው ውሃ እንዲያጥበውና መድኃኒት እንዲረጭበት አዘዘው። አንድ ወር ሞከረው፤ ወይ ፍንክች። «እንግዲህ የሳይነስ ሲቲ ስካን እንይ» አለ ሐኪሙ። «ሳይነስ ማለት ግንባርህና ጉንጭህ ውስጥ ያለው ባዶ ክፍት ቦታ ነው። የቱ ጋ እንደተደፈነ ፎቶው ያሳየናል።»

በቀጠሮው ዋዜማ ደግሞ ጉንፋን ያዘው። ሚስቱ ስልክ ብትደውል «ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ኑ» ተባለች። ጉንፋን የያዘው ሰው አፍንጫው ማበጡ አይቀርም፤ አሁን ቢነሳ የጉንፋኑን ፎቶ እንጂ የበሽታውን አያሳይም አሉ። ባለ አፍንጫው ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ፈርቶ ነበራ። በልቡ ማሽኑን እንደ ምድጃ ነው የሚያስበው፤ እንደ ዳቦ በአካፋ ከትተው በሩን ሊዘጉበት።

ሁለት ሳምንቱ ደረሰ። ማሽኑን የምታሠራዋ ልጅ ነጭ ጋውኗን ለብሳ፣ እጇን ኪሷ ከታ በሩ ላይ ተቀበለቻቸው።

«ጋሼ፣ ፊትዎ ገረጣ። ደህና ነዎት?»

«ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም» አለች ሚስትየው። «ጎረቤት ነው ጹም ያለው።»

«ለዚህኛው ካልተነገረዎት መጾም አያስፈልግም። ብዙ ጊዜ መርፌም የለውም። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ አያምም።» ከዚያ በእጇ አሳየችው። ማሽኑ ምድጃ አልነበረም፤ ወፍራም ቀለበት ነው፣ ፊቱም ጀርባውም ክፍት። «ጭንቅላትዎ ብቻ ነው እዚህ የሚገባው። እኔ በመስታወቱ አያለሁ፣ ድምፅዎንም እሰማለሁ።»

«ጨረሩስ?» አለች ሚስትየው።

«አለው፤ ለዚህ ትንሽ ነው የምንጠቀመው። ትንሽ ነው ተብሎ ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነሱትም። ነፍሰ ጡር ሴት ስትመጣማ አስቀድማ መናገር አለባት።»

«ሆዱን አይተሽ እንዳትጠራጠሪ፣ ዳቦ ነው።»

ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ትንሽ ሳህን ዘረጋች። «መነጽር፣ ሐብል፣ የጆሮ መስሚያ ካለ እዚህ ያድርጉልኝ። ብረት ፎቶውን ያበላሻል። ሰዓት?»

«ሰዓት አላስርም።»

ሚስትየውን ሳል ያዛት።

«የሚወልቅ ጥርስ?»

«ሠላሳ ሁለቱም እናቴ የሰጠችኝ ናቸው» አለ ባለ አፍንጫው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሚስትየው ወደ ጣሪያው አየች፤ ከዚያ ወጣች። እሱ ተጋደመ። አልጋው ቀስ ብሎ ወደ ቀለበቱ ሄደ፣ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ከሩቅ አጉረመረመ፣ አለቀ። ይኸው ነው እንዴ ብሎ ሊነሳ ሲል ልጅቷ መጥታ ጆሮው ሥር ጎንበስ አለች።

«ጋሼ፣ ገና ነን። ይቺ ማነጣጠሪያ ፎቶ ብቻ ናት። ላይኛው ድድዎ ላይ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚይዙ ሁለት የሽቦ መንጠቆዎች አየሁ።»

ባለ አፍንጫው አፉን በመዳፉ ሸፈነ።

«ዝም ብዬ ባነሳው ከሽቦው ነጭ ጭረት ይበተንና ሐኪሙ ሊያየው የፈለገውን የጉንጭ ክፍተት ያበላሽብናል። ከዚያ ይደገም ይባላል፤ ጨረሩንም ሁለቴ ሊቀበሉ ነው።»

«ሚስቴ የት ናት?» አለ በሹክሹክታ።

«በር ላይ።»

«እስቲ በሩን ዝጊው።»

በሩን ለመዝጋት ግን ጊዜው አልፏል። ሚስትየው መሐረቧን በመዳፏ ዘርግታ ገብታ ቆማለች።

«ስጠኝ» አለች። «ሦስቱንም ጥርስ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እርሾ ልገዛ ብለህ ወጥተህ፣ ያለ እርሾ በአዲስ ጥርስ ስትመለስ ዕውር መሰልኩህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ትራስህ ሥር ያለችውን የጥርስህን ቆርቆሮ ማን የሚወለውላት ይመስልሃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«መስታወት ፊት ቆመህ ስትስቅ ደስ ትለኝ ነበራ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንተ የባስክ ነህ፣ መድኃኒቱን ነው የደበቅከው። አሁን አውልቅና ተኛ፣ ዱቄት ስትነፋ ማየት አልፈልግም።»

አወለቀ። ሚስቱ መሐረቡን አጥፋ ጡቷ ሥር ወሸቀችው። «አይንቀሳቀሱ» አለች ልጅቷ ከመስታወቱ ማዶ፤ እሱም እንደ ቀዝቃዛ ሊጥ ድርቅ ብሎ ተኛ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ።

ሐኪሙ ፎቶውን አይቶ ከአፍንጫው በላይ ያለው መተላለፊያ ማበጡን፣ በአንዱ በኩል ደግሞ ትንሽ ሥጋ መሰል ነገር መብቀሉን ነገራቸው። ጠንከር ያለ መድኃኒት አዘዘ። «ባይሻለውም ይህ ፎቶ ለቀዶ ሐኪሙ ካርታው ነው፤ አትጣሉት» አለ። ሚስትየው ፎቶውን ከጋብቻ ፎቷቸው ጋር አስቀመጠችው። በሁለቱም ላይ ዓይኑን አፍጥጧል ትላለች።

ሳምንታት አለፉ። ባለቤትየዋ የሰጠችው ሦስት ወር ሊያልቅ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ባልና ሚስት መስኮቱ ጋ ስለ ጨው ይጨቃጨቃሉ። እሱ «እኔ ከጨመርኩት በላይ አንድ ቅንጣት እንኳ—» ብሎ ቆመ። አፍንጫው ቀና አለ።

«አውጡ» አለ።

«ሰዓቱ ገና አራት ደቂቃ ይቀረዋል ይላል» አለ አንዱ ሠራተኛ።

«አውጡ አልኩ።»

አካፋው ገባ። ዳቦው ቀልቶ ወጣ፤ ሚስትየው አንዱን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ መታችው፣ ጆሮዋን አስጠጋች፣ ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ «ከሰል አልቋል» አለች። ባለ አፍንጫው ኮፍያውን አውልቆ ሄደና ሰዓቱ ላይ ሰቀለው። ባለቤትየዋም አይታ ኮፍያውን እንዳለ ተወችው።

ይህን ሁሉ ያወራችው ሚስትየው ናት፤ የእህቷ ልጅ ደግሞ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች። ባለ አፍንጫው ከኋላ መጥቶ በትከሻዋ በኩል አነበበ።

«ጥርሱንም ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«እርሾውንም?»

«እሱንም።»

«በይ በቃሽ፣ የኔ እናት፤ አትጻፊ አሁን። ወረቀቱን እጠፊና ትኩስ ሳለ ዳቦሽን ብዪ።»