እፍ የሚለኝ ሰው

ዳማ የሚጫወት ሁሉ «እፍ»ን አያውቃትም። እዚሁ እንጅባራ ውስጥ እንኳ ስጠይቅ፣ ብዙው ሰው ስለ ሻማ ማጥፋት የማወራ ይመስለዋል። ስለዚህ አስቀድሜ ልንገራችሁ። የተጋጣሚህ ቆርኪ ለመበላት ተጋልጦ ሳለ ሳታየው ሌላ ብታንቀሳቅስ፣ መብላት የነበረበትን ያንተኑ ቆርኪ ተጋጣሚህ ያነሣዋል፤ ወደ አፉ ጠጋ አድርጎ «እፍ» ይልበትና ከሰሌዳው ያወጣዋል። ክርክር የለም። የምትቀጣው ስላላየህ ብቻ ነው።

ቃሏን ያስተማሩኝ ከልብስ ስፌት ቤቴ አጠገብ የቀርከሃ ወንበር የሚሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ ሚስትም ልጅም የሌለኝ፣ ከደንበኛ ጋር ስለ ሱሪ ርዝመት ካልሆነ በቀር እምብዛም የማላወራ ሰው ነኝ። እሳቸውም ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ወሬ ቀንሰዋል። ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ወርዶ መንገዱ ጭር ሲል፣ በስፌት ቤቴ ደጃፍ ከቆርቆሮው ሥር የዳማ ጣውላዋን ዘርግተን እንቀመጣለን። የእሳቸው ቆርኪዎች ጥርሳቸው ወደ ላይ፣ የእኔ ወደ ታች። እሳቸው በአዊኛ ለራሳቸው እየቆጠሩ ያስባሉ፤ እኔ እቸኩላለሁ፤ እፍ ይሉኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ምን እንዳደረግሁና ምን እንዳለፈኝ የሚያይልኝ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ባለፈው ክረምት ግን እሳቸው ይስቱ ጀመር። መጀመሪያ የሠሩት ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ተገኘ፤ ደንበኛው ሲቀመጥ ተንገዳገደና አብረን ሳቅን። ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ አፍንጫቸው ሥር የነበረች ቆርኪዬን ሳይበሉ አለፉ። እጄ ወደ ቆርኪያቸው ሄዶ ተመለሰ። «እኒህን ሰው ደግሞ እኔ ልቅጣቸው?» ብዬ ዝም አልሁ። በማግሥቱም ዝም አልሁ። ክረምቱን ሙሉ ዝም አልሁ፤ ደግነት መስሎኝ፣ በራሴም ትንሽ እየኮራሁ።

አንድ ቀን ተሳፋሪ የሚጠብቅ የባጃጅ ሾፌር ከጀርባችን ቆሞ ያየን ነበር።

«እንዴ! መብላት እያለባቸው አለፉ እኮ፤ ዝም ትላለህ?» አለኝ።

ጋሼ ጣታቸውን ሰሌዳው ላይ አሳርፈው ቆርኪ በቆርኪ ዳሰሱ። የሳቷትን አገኟት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉኝ።

«ዛሬ ብቻ ነው ጋሼ። እርስዎን ማስቀየም አልፈለግሁም።»

«አትዋሽ። እኔ ካንተ ጋር ዳማ ስጫወት የከረምሁ መስሎኝ! ለካ አንተ ስታስታምመኝ ነው የከረምኸው።»

ተነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም። ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸው ከዳንግላ መጥታ ወሰደቻቸው፤ እኔ የሰማሁት ከሄዱ በኋላ ከጎረቤት ነው። ጣውላዋና ቆርኪዎቹ እኔ ዘንድ ቀሩ።

ብቻዬን ሞከርሁ፤ አንዴ በዚህ ወገን፣ አንዴ በዚያ ወገን እየተቀመጥሁ። ጨዋታው ይሄዳል፤ እፍ ግን የለም። ያየሁትን እበላዋለሁ፤ ያላየሁትን ማን አይቶ ይቀጣኛል? አንድ ቀን ቆርኪዎቹን ስሰበስብ፣ ስንቱን ሳላየው አልፌው ይሆን ብዬ አሰብሁና አለቀስሁ። የአርባ ስምንት ዓመት ሰው በቆርኪ አለቀስሁ። ደግሞ በሩ ክፍት ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም።

ጥቅምት ላይ ጣውላዋን በፌስታል ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። እስከ አዲስ ቅዳም ከተማ የምላቸውን ሳሰናዳ፣ ከአዲስ ቅዳም እስከ ዳንግላ ያሰናዳሁትን ስሰርዝ ሄድሁ። በሩን የከፈተችልኝ ልጃቸው ናት። እሳቸው ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረ እንጂ እኔ ላይ አላረፈም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ ልብስ ሰፊው።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ «ይዘኸዋል?» አሉኝ።

ጣውላዋን በጉልበታችን መካከል አጋደምሁ። ጥርሱን በአውራ ጣታቸው እየለዩ ቆርኪዎቹን ራሳቸው ደረደሯቸው። እኔ ያንቀሳቀስሁትን በቃል እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ዳስሰው ያረጋግጡና ይጫወታሉ። ብዙ ቆየን። ልጃቸው ሁለት ጊዜ ብቅ ብላ አይታን ተመለሰች፤ በሦስተኛው እዚያው ቆመች።

ከዚያ ሳቱ። በግራ በኩል ያለች ቆርኪዬ ተጋልጣ ሳለ ሌላ አንቀሳቀሱ። ልጃቸው ልብ ብላ አየችውና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። በዓይኗ እባክህ የምትለኝ መሰለኝ። ዝም ብል ማንም አይነግራቸውም፤ ጨዋታውን ጨርሰን፣ ደኅና ይዋሉ ብዬ፣ በሰላም ወደ እንጅባራ እመለሳለሁ። ፈራሁ። ካሁን በኋላ ጭራሽ አያነጋግሩኝ ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ቆርኪያቸውን አነሣሁ።

«ጋሼ፣ በግራ በኩል መብላት ነበረብዎት» አልሁና እፍ አልሁበት። ትንፋሼ ፊታቸው ድረስ ደርሶ ሳይሆን አይቀርም፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ልጃቸው ፊቷን አዞረች። እሳቸው ባዶውን ቦታ በጣታቸው ፈልገው አገኙት፤ ጣታቸውንም እዚያው ላይ አቆዩት።

«አሁን ገና መጣህ» አሉኝ።