ፊቱን ያዞረው መርፌ

የነሐስ ክዳኑ ሲዘጋ «ቀጭ» የምትለው ድምፅ ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣችም። አጎቴ የመሬት ቀያሽ ነበሩ፤ ኮምፓሳቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሳያዩ ከቤት አይወጡም ነበር። ልጆች ሳለን «ሰሜን በየት ነው?» እያልን እናደክማቸው ነበር።

ጡረታ ወጥተው ልጃቸው ቤት ሲገቡ ግን ነገር ተበላሸ። ሰፈሩ አዲስ፣ ቤቶቹ እንደ መንትያ አንድ ዓይነት ናቸው። በዚያ ላይ ፀሐይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከደመና አልወጣችም። አጎቴ በኮምፓሳቸው እየተመሩ ሁለት ጊዜ ወጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ጠፍተው ከሰፈሩ ማዶ ካለው ነዳጅ ማደያ ሰው አመጣቸው። ከዚያ ወዲያ ልጃቸው ብቻቸውን እንዳይወጡ የበሩን ቁልፍ ኪሷ ከተተች።

ልጠይቃቸው በሄድኩበት ጠዋት ኮምፓሱን ይዘው ከመስኮት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛ መስኮት ይመላለሱ ነበር።

«ቁጭ በል እንጂ አባዬ፤ ምንጣፉን ጨረስከው» አለች ልጃቸው።

«ምንጣፉስ ይለቅ። ያለቀው የእኔ ጭንቅላት እንዳይሆን ነው የፈራሁት።»

ያን ጊዜ ደመናው ተገልጦ ፀሐይ በመስኮቱ ገባች። አጎቴ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«አንተ፣ ፀሐይ በየት ነው የምትወጣው?» አሉኝ።

«በምሥራቅ ነዋ፣ ጋሼ።»

«ይሄ ግን በምዕራብ ወጣች ይላል።»

ልጃቸው አየችኝ፤ ዓይኗ «አየህ አይደል?» ይላል። እሳቸው ግን ኮምፓሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ያንኑ የደረት ኪሳቸውን በረበሩ። «እንዳትጠፋ» ብላ ገና እሷ ቤት ሲገቡ የገዛችላቸውን ስልክ ከነቆዳ ማቀፊያው አወጡ። የማቀፊያውን መዝጊያ ወደ ኮምፓሱ ሲያስጠጉት መርፌው እንደ ደነገጠ ሰው ዞረ።

«ማግኔት አለው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

«መዝጊያው ላይ... አለው መሰለኝ» አለች ልጃቸው።

«ማግኔት አጠገብ የከረመ መርፌ ሰሜኑን ደቡብ ይላል። ይህን ለስንቱ ተለማማጅ ሳስተምር ኖሬ። እኔስ ቀጥ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ በተቃራኒው።»

«እንዳትጠፋ ብዬ እኮ ነው፣ አባዬ።»

«እሱማ አሳምረሽ አጠፋሽኝ።»

እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። የልጃቸውም ሳቅ ቶሎ ከሰመ። «ቢሆንም እኮ መንገዱ...» ብላ ጀመረች፤ አልጨረሰችውም። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በእጇ ስታገላብጠው ቆየች፤ ኋላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አጎቴ ስልኩን ከማቀፊያው አውጥተው ኪሳቸው ከተቱት። ፀሐይዋን አንዴ ቀና ብለው አዩ። ኮምፓሱን እዚያው ትተው ቁልፉን አነሱ፤ ወጣሁ እንኳ ሳይሉን በሩን ከፍተው ሄዱ።