ጋቢ ላለብሳት ብዬ

ይኼ የደረሰብኝ ባለፈው ግንቦት ነው። ቁስሉ ድኗል፣ ንዴቱ ግን እስካሁን አልወጣልኝም። ብዙም አልተማርኩም፣ ጽሑፍም አይሆንልኝም፤ ልጅ ያላት እናት ብታነበው ትረዳኛለች ብዬ ነው እንደመጣልኝ የጻፍኩት።

የምንኖረው ስዊድን አገር ሄሰልቢ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሐይቁ አጠገብ። ልጄ ቤዛ ትባላለች፣ ጂምናዚየም የሚሉትን ሁለተኛ ደረጃ ጨርሳ ሥራ ጀምራለች። አንድ ቀን መጥታ ፍሉግፊስከ ልማር ነው አለችኝ። ምንድነው ብላት ዓሣ ማጥመድ ነው። በትል አይደለም። ከላባና ከክር ዝንብ የሚመስል ነገር ይሠሩና መንጠቆው ላይ ያስሩታል፣ ዓሣው የእውነት ዝንብ መስሎት ይጎርሳል። ይኼስ ይሁን። እኔን ያስፈራኝ ውሃው ውስጥ ገብተው መቆማቸው ነው። አገር ቤት አብሮ አደጌን ወንዝ ሲወስዳት በዓይኔ አይቻለሁ።

"ማሚ፣ እኔ እኮ ዋና እችላለሁ" አለችኝ በስዊድንኛ። በአማርኛ ሳናግራት በስዊድንኛ ነው የምትመልስልኝ።

"እሷም ትችል ነበር" አልኳት።

አባቷ ደግሞ "ተያት እስቲ፣ ጭፈራ ቤት ብትሄድ ይሻልሽ ነበር?" ይለኛል። አዎ፣ ይሻለኝ ነበር። ጭፈራ ቤት ሰው አይሰምጥም።

መጀመሪያ የሚለማመዱት ሣር ላይ ነው። በመንጠቆው ፈንታ ቀይ ክር አስራ ከሕንፃችን ጀርባ ስትወረውር እኔ ከበረንዳ አያታለሁ። ዘንጉን ወደ ኋላ ታነሳለች፣ ገመዱ ከኋላዋ እስኪዘረጋ ቆም ትላለች፣ ከዚያ ወደ ፊት ትለቀዋለች። ከቸኮለች ገመዱ እንደ ጅራፍ ይጮሃል። አንድ ቀን "ጎበዝ፣ ጮኸልሽ" ብላት ተናደደች። ለካ መጮሁ ነው ስህተቱ። ሣር ላይ እስካለች ድረስ ይጩህ አይጩህ ምን ቸገረኝ።

ውሃ የገባችበት ቅዳሜ ሳትጠራኝ ተከትያት ሄድኩ። አግዳሚ ወንበር አሳይታኝ "እዚህ ተቀመጪ፣ አትጠጊኝ" አለችና እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪዋን ለብሳ እስከ ጉልበቷ ገባች። እኔ ተቀምጬ ዳዊት እደግማለሁ።

ከዚያ ንፋስ ተነሳ። ከላይ የለበሰችው ስስ ቲሸርት ነው፣ ስትወረውር ቆይታ ጀርባዋን አልቧታል። ላብ ያለው ጀርባ ንፋስ ሲመታው ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። "ቤዛ፣ ብርድ ይመታሻል" አልኳት። አልሰማችኝም፣ ወይ እንዳልሰማች ሆነች። ከፌስታሌ ጋቢዬን አወጣሁና በሁለት እጄ ዘርግቼ ከኋላዋ ወደ ዳርቻው ሄድኩ።

አንድ ነገር እጄን ወጋኝ። እሷ ገመዱን ቁጥቋጦ የያዘባት መስሏት ሳበችው። ቁጥቋጦው እኔ ነኝ። መንጠቆው ጋቢውን በስቶ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሃል ገብቷል።

ስጮህ ዞር አለችና ደነገጠች። ውሃውን እየረገጠች ስትሮጥ እጄን ረስቼ "አትሩጪ፣ ትወድቂያለሽ" እላለሁ። አጠገቤ ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሏል። "ዓይንሽን ጨፍኚ" አለችኝ፣ በአማርኛ። ጨፈንኩ። መንጠቆውን በገባበት መልሳ አወጣችው።

"እንዲህ በቀላሉ ነው እንዴ የሚወጣው?" አልኳት።

"ጫፉ ላይ ያለውን እሾክ አስቀድሜ በፒንሳ ደፍጥጬዋለሁ። ዓሣውን ስንለቀው እንዳያመው።"

ለካ ይዘው መልሰው ይለቁታል። ይኼን የሰማሁት ያን ቀን ነው። የማትበላውን ዓሣ ፍለጋ ነው ውሃ የምትገባው።

"ለዓሣው ይኼን ያህል ካሰብሽ ለእናትሽስ?" አልኳት።

"ዓሣው ከኋላዬ አይመጣም" አለችኝ።

ሰኞ ቮርድሴንትራል፣ ጤና ጣቢያው ሄጄ መርፌ ተወጋሁ። ነርሷ ምን ሆነሽ ነው ስትለኝ ቤዛ አስረዳቻትና ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እውነቱን ለመናገር ግን በቁስሉ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር። እናቷን ካቆሰለች በኋላ በቃኝ ትላለች ብዬ ነዋ።

ቅዳሜ ሲደርስ ዘንጓን አንስታ በሩ ላይ ቆመች። "ከመጣሽ ከጎን ነው የምትቆሚው፣ ከኋላ አይደለም። ካልሆነ የት እንደምሄድ አልነግርሽም።" የት እንዳለች ካላወቅኩማ ሞቼ ማደሬ ነው። እሺ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እሄዳለሁ። ጭቃው ያናድደኛል፣ ትንኙ ያናድደኛል፣ ያዝኩ ካለች በኋላ ዓሣውን መልሳ መልቀቋ ከሁሉም ያናድደኛል። ፍርሃቴም አልቀነሰም፣ ትንሽ ጠለቅ ስትል ጮክ ብዬ ዳዊቴን እደግማለሁ። አንድ ነገር ግን ተቀይሯል። ከመወርወሯ በፊት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው እንደሌለ ታያለች፣ ከዚያ እኔ ወዳለሁበት ታያለች። ወደ ኋላ ማየቱ ሕጋቸው ነው፣ አስተማሪያቸው ነው ያዘዛቸው። ወደ እኔ ማየቱን ግን ማንም አላዘዛትም። እስክታየኝ ድረስ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ።